ለልዑል ዩሱፍ የተላኩ 28 ፖስታ ካርዶች፦ የአንድ ወዳጅነት የጉዳይ ጥናት

ጀርመናዊው ሰዓሊ ፍራንዝ ማርክ ከ1912 መጨረሻ እስከ 1914 ባለው ጊዜ ውስጥ ለገጣሚዋ ለኤልዘ ላስከር-ሹለር 28 ፖስታ ካርዶችን በእጁ እየሳለ ልኮላታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ካርዶቹ በሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቁት በአመዛኙ በሥዕልነታቸው ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው የሚያያቸውም በመጽሐፍ ገጽ ወይም በሙዚየም ግድግዳ ላይ፣ አድራሻና ማኅተም ካለበት ወገን ተነጥለው ነው። ይህ ጥናት ግን አንድ ሰው ቴምብር ለጥፎ ለወዳጁ የላካቸው መልእክቶች መሆናቸውን መነሻ አድርጎ፣ ስለ ሁለቱ ሰዎች ሕይወት ምን እንደሚነግሩን ይመረምራል።

ጉዳዩ የተመረጠው ካርዶቹ ውብ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። የቆዩ ፖስታ ካርዶችን ይዞ የሰዎችን ታሪክ ለማወቅ የሚጥር ሁሉ የሚገጥመው ችግር፣ በካርድ ላይ ያለው ጽሑፍ አጭርና ለማንም ዓይን የተጋለጠ መሆኑ ነው። ደብዳቤ አመላላሹም፣ አከራይዋም፣ በሩን የከፈተ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ነገር ላይ ሰው ኀዘኑንና ችግሩን ዘርዝሮ አይጽፍም። ስለዚህም በአንድ ያረጀ ካርድ ላይ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ ሰላምታ፣ የቁልምጫ ስምና ለሁለቱ ብቻ የሚገባ ጨዋታ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ምን ችግርን ወይም ምን ደስታን ተሸክሞ እንደተላከ ከካርዱ ብቻ ማወቅ ያስቸግራል። በማርክና በላስከር-ሹለር መካከል የነበረው ወዳጅነት ግን በደብዳቤዎች፣ በዘመኑ መጽሔቶችና ኋላ በታተሙ ትዝታዎች ጭምር የተመዘገበ በመሆኑ፣ ካርዱ የሚናገረውንና የሚሰውረውን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል።

ከዚህ ንጽጽር የደረስኩበትን ከወዲሁ ልግለጽ። ካርዶቹ የሚያሳዩት፣ ትዳሯ ፈርሶ በችግር ላይ የወደቀችን ሴት አንድ ወዳጅ እንዴት ክብሯን ሳይነካ እንደደገፋት ነው። እሷ በምናቧ የራሷን መንግሥት መሥርታ ነበር፤ እሱ ያንን መንግሥት እንደ እውነት ተቀብሎ፣ በዚያው መንግሥት ደንብ ስጦታ ላከላት።

ሁለቱ ወዳጆች

ኤልዘ ላስከር-ሹለር የተወለደችው የካቲት 1869 በኤልበርፌልድ፣ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ፖስታ አስተዳደር በዓለም የመጀመሪያዎቹን ፖስታ ካርዶች ለሽያጭ አቅርቧል፤ የሰሜን ጀርመን ግዛቶችም በ1870 አጋማሽ ተከትለዋል። ገጣሚዋና ፖስታ ካርድ እኩያሞች ነበሩ ማለት ነው፤ ይህ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ከዚያ አልፎ የሚያስረዳው ነገር የለም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ሌላ ለውጥ ነው። ለረጅም ጊዜ የካርዱ አንድ ወገን ለአድራሻ ብቻ የተከለለ ስለነበር፣ ሥዕል ያለበት ካርድ ላይ መጻፍ የፈለገ ሰው ቃላቱን በሥዕሉ ዙሪያ ማጨናነቅ ነበረበት። ጀርመን በ1905 የአድራሻውን ወገን በመስመር ለሁለት ከፍላ በግራው እኩሌታ መልእክት እንዲጻፍ ከፈቀደች በኋላ ግን፣ ሌላው ወገን ሙሉ በሙሉ ለሥዕል ነፃ ሆነ። ማርክ ከሰባት ዓመት በኋላ ይህንን ባዶ ወገን እንደ ሸራ ሊጠቀምበት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ላስከር-ሹለር በ1903 ያገባችው ሁለተኛ ባሏ የሙዚቃ ሰውና አሳታሚ ነበር፤ ዓለም የሚያውቀው ሄርቫርት ቫልደን በሚለው ስም ሲሆን፣ ይህንን ስም ያወጣችለት ራሷ ናት። በ1910 ላቋቋመው "ዴር ሽቱርም" ለተባለው መጽሔትም ስሙን የሰጠችው እሷ እንደሆነች ይነገራል። ለምታውቀው ሰው ሁሉ ስም ማውጣት ልማዷ ነበር፤ ለራሷም በጥንታዊቷ የግብፅ ከተማ በቴቤስ ስም "ዩሱፍ፣ የቴቤስ ልዑል" የሚል ስም ሰጥታለች። በደብዳቤዎቿ ላይ በዚህ ስም ትፈርማለች፤ ራሷን ስትስልም ከጎን የሚታይ ፊት ነድፋ ጉንጩ ላይ ኮከብና ጨረቃ ታስቀምጣለች፤ በምሥራቃውያን አለባበስ ዋሽንት ይዛ የተነሣችው ፎቶግራፍም ዛሬ ድረስ የታወቀ ነው። ይህ ልዑል ከኦሪት የመጣ ዮሴፍ መሆኑን ማንም አይስተውም፤ በገዛ ወንድሞቹ የተሸጠው፣ በባዕድ አገር የከበረው ሕልም ፈቺ ነው።

በ1912 ትዳሩ በፍቺ ፈረሰ። ገጣሚዋ ያን ጊዜ 43 ዓመቷ ነበር፤ ከፊተኛው ትዳሯ ዘመን የወለደችው ጳውል የሚባል አንድ ልጅ አላት፤ ቋሚ ገቢ የላትም፤ የምትኖረውም ከነዕቃቸው በሚከራዩ ክፍሎች ነበር። እንግዲህ የቴቤስ ልዑል እውነተኛ አድራሻ ይህ ነበር።

ማርክ በ11 ዓመት ያንሳታል። በ1880 ሙኒክ ውስጥ ከሰዓሊ አባት የተወለደ ሲሆን፣ ወደ ሥዕል ከመግባቱ በፊት ቄስ ለመሆን አስቦ ነበር። ከሩሲያዊው ሰዓሊ ከካንዲንስኪ ጋር ሆኖ "ሰማያዊው ፈረሰኛ" የተባለውን የሠዓልያን ስብስብ የመሠረተው በ1911 ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራው የጋራ መጽሐፋቸውም በግንቦት 1912 ታትሟል። ከባለቤቱ ከማሪያ ጋር የሚኖረው ከሙኒክ በስተደቡብ በምትገኝ ዚንደልስዶርፍ በምትባል መንደር ነበር።

የተዋወቁት በሥራቸው በኩል ነው። ላስከር-ሹለር "ዕርቅ" የሚል ግጥም ነበራት፤ ማርክ ለዚህ ግጥም በእንጨት ላይ የተቀረጸ ሥዕል አዘጋጀና በመስከረም 1912 "ዴር ሽቱርም" ላይ ታተመ። እሷም ብዙ ሳትቆይ ጻፈችለት። በታኅሣሥ ማርክና ማሪያ በርሊን በነበሩበት ጊዜ በአካል ተገናኙ፤ ካርዶቹም በዚያው ሰሞን መምጣት ጀመሩ።

የሰማያዊ ፈረሶች ግንብ

ከ28ቱ ካርዶች አንዱን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የ1913 አዲስ ዓመት መባቻ ላይ የተላከው ይህ ካርድ "የሰማያዊ ፈረሶች ግንብ" ይባላል። ቁመቱ 14.3፣ ስፋቱ 9.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእጅ መዳፍ ይሸፍነዋል። በቀለም ብዕርና በውሃ ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ ሰማያዊ ፈረሶች አንዱ ከሌላው በላይ ከፍ ብለው እንደ ግንብ ተደራርበው ይታያሉ። ቦታው ጠባብ ቢሆንም ፈረሶቹ አልተጨናነቁም፤ ወደ ላይ የሚወጣው አቀማመጣቸው ካርዱን ከእውነተኛ መጠኑ ይልቅ ትልቅ ያስመስለዋል።

ነገር ግን በካርዱ ላይ የወዳጅነቱን ታሪክ የያዙት ትናንሾቹ ምልክቶች ናቸው፤ በፈረሶቹ ገላና ዙሪያ ከዋክብትና የጨረቃ ማጭድ ተሥለዋል። ፈረሱና ሰማያዊው ቀለም የማርክ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ሥዕል የሚከታተል ሰው ሁሉ በእነዚህ ያውቀዋል። ኮከቡና ጨረቃው ግን የእሷ ናቸው፤ ልዑል ዩሱፍ ጉንጩ ላይ የሚይዛቸው ምልክቶች ናቸውና። ማርክ ስለዚህ በአንዲት ካርድ ላይ የራሱን እንስሳ በእሷ ማኅተም አትሞ መልሶ ላከላት። እኔ ይህንን የማነበው እንደ ማስረከብ ነው፦ ፈረሶቹ ከአሁን ወዲያ የአንቺ ናቸው እንደማለት። የካርዱን ባለቤትነት የሚገልጽ አንድም ቃል መጻፍ አላስፈለገውም፤ ካርዱን በመንገድ ላይ የገለበጠ ሰው የሚያየው የሚያምር የአዲስ ዓመት ሰላምታ ብቻ ነበር።

ይህ ካርድ የደረሳት ሴት ከፍቺ የወጣችው በቅርቡ መሆኑን ስናስታውስ ክብደቱ ይለወጣል። ማርክና ማሪያ ሁኔታዋን በዓይናቸው አይተው ነበርና አብራቸው እንድታርፍ ወደ ዚንደልስዶርፍ ጋበዟት፤ እሷም ሄደች። የመንደሩን ጸጥታ ግን ልትችለው ስላልቻለች ብዙም ሳትቆይ ወደ ሙኒክ ወጥታ በእንግዳ ማረፊያ ተቀመጠች። በ1913 መጀመሪያ ላይ ካርል ክራውስ ቪየና ውስጥ በሚያሳትመው "ዲ ፋክል" መጽሔት ላይ ለገጣሚዋ ርዳታ እንዲደረግ ጥሪ አቀረበ፤ ማርክም ሙኒክ ውስጥ ለእሷ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ሠዓልያን ሥራዎቻቸውን የሰጡበትን ጨረታ በማስተባበር ደክሟል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ርዳታ ጎን ለጎን ቆመው እናያለን። አንደኛው በመጽሔት ላይ የታወጀ፣ ስሟን በገሃድ ከችግር ጋር ያያያዘ፣ ለሕይወቷም በጣም አስፈላጊ የሆነ ርዳታ ነው። ሁለተኛው በፖስታ የሚመጣ ሲሆን፣ ተቀባይዋ ምጽዋት የምትጠብቅ ሴት ሳትሆን እጅ መንሻ የሚቀርብላት ልዑል ናት። ማርክ ሁለቱንም ማድረጉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ሥዕል ብቻ ልኮ ቢተወው ኖሮ ጨዋታው ከችግሯ መሸሻ ይሆን ነበር፤ ገንዘብ ብቻ አሰባስቦ ቢሆን ደግሞ የደረሰባትን ውርደት ባባሰው ነበር።

የልዑሉ ንብረት

ቀጣዮቹን ካርዶች በርእሶቻቸው ብቻ እንኳ ተከታትሎ ማንበብ ብዙ ያስተምራል። "የልዑል ዩሱፍ የሎሚ ፈረስና የእሳት በሬ" የሚል አለ፤ "የልዑል ዩሱፍ የጦር ፈረስ" የሚል አለ፤ "የንጉሥ ዩሱፍ ሦስቱ ነብሮች" የሚል አለ፤ "የሰማያዊ ፈረሶቹ እናት ባዝራ" አለች፤ "የሕልም ዐለት" አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ባለቤት አላቸው። ማርክ ሥዕሎቹን "ፈረስ"፣ "በሬ" ብሎ ብቻ ሊሰይማቸው ይችል ነበር፤ በሌሎች ሥራዎቹ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን እንስሳቱን ለአንድ ጌታ አስረክቧል። የሚቀመጡበት ወንበር እንኳ የሌላ ሰው በሆነበት የኪራይ ክፍል ውስጥ የምትኖር ሴት፣ በየጊዜው በፖስታ ፈረስ፣ በሬ፣ ነብር፣ ዐለት ይደርሳታል። አንድ በአንድ ሲደመሩ ግዛት ይሆናሉ።

ስለ ቀለማቱም አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። ማርክ በ1910 መጨረሻ ለወዳጁ ለሰዓሊው አውጉስት ማከ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ቀለም የነበረውን አመለካከት ዘርዝሮ ነበር፤ ሰማያዊ የወንድነትና የመንፈሳዊነት፣ ቢጫ የሴትነት፣ የልስላሴና የደስታ፣ ቀይ ደግሞ የከባዱና የጨካኙ ቁስ አካል ቀለም ነው ይላል። በዚህ መሠረት የሎሚ ቀለም ያለውን ፈረስና የእሳት ቀለም ያለውን በሬ እንደ ምሥጢራዊ ጽሑፍ መፍታት፣ ገጣሚዋ ይህቺ ናት፣ የጎዳትም ያ ነው ማለት ያጓጓል። እኔ ግን ከዚህ እንድንጠነቀቅ እመክራለሁ። በወዳጆች መካከል የሚላክ ካርድ አንድን ንድፈ ሐሳብ ለማስረዳት አይሠራም፤ ሰዓሊው ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ሰው የጻፈው ማብራሪያ በዚያ ጠዋት ቢጫ ቀለም ለምን እንዳነሣ አይነግረንም። ስለ ቀለማቱ በልበ ሙሉነት ማለት የሚቻለው፣ የማርክ ልማዶች በካርዶቹም ላይ መኖራቸውን ነው።

በማዕረጉ ላይ የሚታየው ለውጥ ግን የተሻለ ማስረጃ ነው። ዩሱፍ በአንዳንድ ካርዶች ልዑል ሲሆን በሌላው ንጉሥ ነው። ይህ የሰዓሊው መዘናጋት አይደለም። ላስከር-ሹለር ለማርክ የምትጽፋቸውን ደብዳቤዎች ከ1913 ጀምሮ "ዲ አክትዮን" በተባለው የበርሊን መጽሔት ላይ ማሳተም ጀምራ ነበር፤ የመጀመሪያው ደብዳቤም "ውድ" የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ደጋግሞ "ሰማያዊው ፈረሰኛ" ብሎ ይጀምራል። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ዩሱፍ ቀስ በቀስ እየከበረ ሄዶ ማሊክ፣ ማለትም ንጉሥ ይሆናል። በካርዶቹ ላይ የልዑሉ ማዕረግ ከፍ ማለቱ ማርክ የወዳጁን ታሪክ በትኩረት ይከታተል እንደነበር ያሳያል። የተቀባዩን ወቅታዊ ማዕረግ አስተካክሎ መጻፍ፣ ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ የሚል መልስ ነው።

የገጣሚዋ መልስ

እስካሁን ያየነው የአንዱን ወገን ነው፤ ካርዶች በአንድ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲገኙ ሁልጊዜ የሚናገሩት የላኪውን እንጂ የተቀባዩን ድምፅ አይደለም። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን የተቀባይዋ ድምፅ ራሷ ባሳተመቻቸው ጽሑፎች ተጠብቋል፤ እሷም ለማርክ ስም አውጥታለታለች። በታሪኳ ውስጥ ማርክ የዩሱፍ ግማሽ ወንድም የሆነው ሮቤል ነው።

ኦሪት ዘፍጥረትን የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ስም ትርጉም ለማየት አይቸገርም። ያዕቆብ ዐሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ዮሴፍ ከራሔል፣ ሮቤል ከልያ የተወለዱ በመሆናቸው በአባት ብቻ ይገናኛሉ። በምዕራፍ 37 እንደተጻፈው ወንድሞቹ ዮሴፍን ሊገድሉት በተማከሩ ጊዜ፣ ደሙን አታፍስሱ፣ ይልቁንስ በዚህ ጕድጓድ ጣሉት ያለው ሮቤል ነው፤ በልቡ ግን ኋላ አውጥቶ ለአባቱ ሊመልሰው አስቦ ነበር። ሄዶ ሲመለስም ጕድጓዱን ባዶ ስላገኘው ልብሱን ቀደደ። ላስከር-ሹለር ለወዳጇ ከዐሥራ አንዱ ወንድሞች መካከል የመረጠችለት ሊያድን የሞከረውን ነው። ባሏና አብረዋት በአንድ መጽሔት ዙሪያ የተሰበሰቡት ሰዎች በራቋት ጊዜ፣ ራሷን የተሸጠ ወንድም አድርጋ የምታይ ሴት አንድን ሰው ሮቤል ብላ መጥራቷ፣ ስለ ውለታው ልትጽፍ ከምትችለው ማንኛውም የምስጋና ደብዳቤ የበለጠ ይናገራል። ለእኔ የጠቅላላው ጉዳይ ማዕከል ይህ ነው፤ ፈረሶቹንም፣ ነብሮቹንም፣ ግንቡንም ይዤ ስመለስ የሚያርፉት በዚህ ስም ላይ ነው።

ሆኖም የግል ወዳጅነትን በመጽሔት ላይ ማውጣት ሌላ ገጽታም አለው። ማርክ በፖስታ የሚላክ፣ ግን በሁለት ሰዎች መካከል የሚቀር ጨዋታ ሲጫወት፣ እሷ ያንኑ ጨዋታ ለአንባቢ ሕዝብ ከፈተችው። የታተመ ደብዳቤ ለአደባባይ ተብሎ የተስተካከለ ስለሆነ፣ በዚያ ውስጥ ያለውን ሁሉ የዕለት ተዕለት ሕይወቷ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ አይገባም። በተቃራኒው ማሪያ ማርክ ከዓመታት በኋላ የጻፈቻቸው ትዝታዎች የቤቱን ወገን ያሳያሉ፤ ወዳጅነቱ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የተካሄደ ሳይሆን፣ ግብዣውንም እንግዳ መቀበሉንም የተሸከመች ሦስተኛ ሰው እንደነበረች አንባቢ መርሳት የለበትም።

ከመጨረሻዎቹ ካርዶች አንዱ "የሪድ ግንብ" ነው። ማርክና ማሪያ በ1914 ጸደይ ላይ ከዚንደልስዶርፍ ብዙም በማይርቀው በሪድ መንደር ቤት ገዝተው ነበር። ቤቱ የንጉሥ ግንብ አልነበረም፤ በካርዱ ላይ ግን ግንብ ተብሏል። እስካሁን ንብረት ሲሰጥ የኖረው ሰዓሊ በዚህ ካርድ የራሱንም ቤት ወደ ወዳጁ ዓለም አስገባ፤ ከዚያ ወዲያ እሱም በዚያ መንግሥት ውስጥ አድራሻ አለው። ጦርነቱ ሊጀመር የቀሩት ወራት ጥቂት ነበሩ።

ዝምታውን እንዴት እናንብበው?

የተሣሉት ካርዶች በ1914 ያበቃሉ። የቆዩ ካርዶችን የሚያነብ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው እንዲህ ያለ መቋረጥ ሲገጥመው ነው፤ የካርዱን መቆም የወዳጅነቱ መቆም አድርጎ ይወስደዋል። ማርክ በነሐሴ 1914 ወደ ጦር ግንባር ሄደ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጦርነቱ አውሮፓን የሚያነጻ ነገር መስሎት ነበር፤ ይህንን አመለካከት ገጣሚዋ አልተጋራችውም። ማከ በዚያው ዓመት መስከረም 26 ቀን ወደቀ። እንግዲህ ለካርዶቹ መቆም በቂ ምክንያቶች አሉ፤ ሰዓሊው ወታደር ነው፣ ሐሳባቸውም ተለያይቷል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ የትኛውም ቢሆን ወዳጅነቱ አበቃ ለማለት አያስችልም።

ፖስታ ካርድ በዚህ ጊዜም ከማርክ ሕይወት አልጠፋም፤ ነገር ግን አቅጣጫው ተገለበጠ። በ1915 መጋቢት የሥዕል ሰብሳቢ የነበረው በርንሃርድ ኬለር የማርክን "የእንስሳት ዕጣ ፈንታ" የተሰኘ የ1913 ሥዕል የሚያሳይ የታተመ ካርድ ወደ ግንባር ላከለት። ማርክ ለማሪያ በጻፈው ደብዳቤ ሥዕሉ የዚህ ጦርነት ቅድመ ራእይ እንደሚመስል፣ ራሱ እንደሠራውም ማመን እንደከበደው ገልጿል። የገዛ ሥራውን ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓይን ማየት እንዳልቻለ የነገረን ይህ ካርድ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 1916 ማርክ ፈረንሳይ ውስጥ ቬርደን አካባቢ በፈረስ ለቅኝት እንደወጣ በመድፍ ፍንጣሪ ተመትቶ ሞተ፤ ዕድሜው 36 ነበር። ላስከር-ሹለር በጋዜጣ ባወጣችው የኀዘን ጽሑፍ ሰማያዊው ፈረሰኛ መውደቁን አስታውቃ፣ የኤደን መዓዛ የሚሸተት ታላቅ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰው አለችው። ቀጥሎም ግጥም ጻፈችለት። በ1919 ደግሞ በመጽሔት ላይ የጀመረችው የዩሱፍ ታሪክ በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ፣ የማይረሳው ፍራንዝ ማርክ፣ ሰማያዊው ፈረሰኛ ለዘለዓለም መታሰቢያ ይሁነው ብላ ለእሱ ሰጠችው። ካርዶቹ ከቆሙ አምስት ዓመት አልፏል። መዛግብቱ በካርድ ብቻ ቢወሰኑ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ፍቅርና ኀዘን ባልታየን ነበር።

የካርዱና የሸራው ዕጣ

ማርክ በ1913 "የሰማያዊ ፈረሶች ግንብ"ን ከካርዱ አሳድጎ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.30 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ ሠርቶት ነበር። የበርሊን ብሔራዊ ጋለሪ በ1919 ገዛው። ናዚዎች በ1937 ከሙዚየሙ ወስደው ሙኒክ ውስጥ "የተበላሸ ጥበብ" ብለው ባዘጋጁት የማዋረጃ ዐውደ ርእይ ላይ ሰቀሉት። የጀርመን መኮንኖች ማኅበር ለአገሩ ቬርደን ላይ የወደቀ መኮንን እንዲህ መዋረድ የለበትም ብሎ በመቃወሙ ሥዕሉ ከዐውደ ርእዩ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ግን በናዚው ባለሥልጣን በሄርማን ጎሪንግ እጅ ገባ። ከ1945 ጀምሮ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ከጦርነቱ በኋላ በርሊን ውስጥ አየነው ያሉ ሰዎች ቢኖሩም አልተገኘም።

ላስከር-ሹለር በ1933 ከጀርመን ሸሽታ ዙሪክ ገባች፤ በ1939 ኢየሩሳሌም ደርሳ በዚያው ቀረች። በ1943 ያወጣችውን የመጨረሻ የግጥም መድበሏን በጀርመን ከተሞች ላሉ የማይረሱ ወዳጆቿና እንደ እሷ ተሰደው በዓለም ላይ ለተበተኑት መታሰቢያ አደረገችው። ጥር 22 ቀን 1945 ሞተች፤ ትልቁ ሸራ ከዓይን የጠፋው በዚያው ዓመት ነው። በአምስት ፔኒግ ቴምብር የምትጓዘው የካርድ ዘር የሆነችው ትንሿ ሥዕል ግን ተርፋ ዛሬ ሙኒክ ውስጥ በመንግሥት የሥዕል ስብስብ ትገኛለች። ለአደባባይ የተሠራው ጠፍቶ ለአንዲት ወዳጅ የተላከው መትረፉ፣ ካርዶች ምን ያህል ተጠንቅቀው እንደሚያዙ ለሚያስቡ ሁሉ ከባድ ጉዳይ ነው።

የኅትመታቸው ታሪክም ከአነባበባችን ጋር የተሳሰረ ነው። ካርዶቹ በ1954 ከማሪያ ማርክ መግቢያ ጋር በመጽሐፍ ሲወጡ ብዙ አንባቢ የተዋወቃቸው እንደ ሥዕል ነበር። በ1987 ግን ካርዶቹና ደብዳቤዎቹ በአንድ ጥራዝ አብረው ታተሙ፤ ከዚያ ወዲያ የሎሚውን ፈረስ ከነጥያቄው፣ ነብሮቹን ከነመልሳቸው ማንበብ ተቻለ። እስከ ዛሬም በአንዳንድ ዐውደ ርእዮችና የሥዕል መጻሕፍት ላይ የሚታየው የፊት ወገን ብቻ ነው። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ባቫሪያ እስከ 1920 የራሷ የፖስታ አስተዳደርና የራሷ ቴምብር ነበራት፤ ስለዚህ የተለጠፈው ቴምብር ካርዱ ከዚንደልስዶርፍ ወይስ ከበርሊን እንደወጣ ይለያል፣ ማኅተሙ ቀኑን ይሰጣል፣ አድራሻው ተቀባይዋ በዚያ ሳምንት በየትኛው የኪራይ ክፍል እንደነበረች ይናገራል። ዩሱፍ ልዑል የነበረበትን ካርድ ንጉሥ ከሆነበት በፊት ወይም በኋላ ማስቀመጥ የሚቻለው፣ ካርዱን ገልብጦ ይህንን ወገን ላነበበ ሰው ነው።